«ተራችሁን ጠብቁ»

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ፤ ሌላውን ለመንቀፍ ያን ጊዜ አፋችን ይፈታልናል።

ለባለፈው እትም ከደረሱን ጽሑፎች አንዱ በእጅ የተጻፈ፣ አራት ገጽ የሞላ፣ ስም የሌለው ነበር። ታጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ። የሚያወራው ስለ ደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥትና ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እኩልነት ነው። የአዘጋጆች ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ተቀምጠን ተወያየንበት። ጽሑፉ መጥፎ ነው ያለ ማንም አልነበረም። እንዲያውም ከቀረቡት ሁሉ አማርኛው የተሻለ ነው ተባለ። ከዚያ ግን አንዱ «ጊዜው አይደለም» አለ፤ ሌላው «አሁን ስንት ነገር እያለ!» አለ፤ ሦስተኛው «የማባዣው ቀለም ውድ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሳቅንም። አምስት እጅ ወጣ። ጽሑፉ ጫፉ ላይ «ለሌላ ጊዜ» ተብሎ ተጻፈበትና ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። በማግሥቱ ብናይ የለም፤ ባለቤቱ ወስዶታል፤ ወይም ወስዳዋለች። ይህን የምንጽፈው ሦስታችን እጃቸውን ካነሱት ከአምስቱ ውስጥ ነን።

ታዲያ ያ «ለሌላ ጊዜ» የሚለው ቃል አልለቀቀንም። ቤተ መጻሕፍት ገብተን የዚያን አገር ታሪክ ስናገላብጥ የኛው ቃል እየመላለሰ ብቅ ይላል፤ አንዴ በነጭ አፍ፣ አንዴ በጥቁር አፍ፣ አንዴ በአብዮተኛ፣ አንዴ በከበርቴ። ተናጋሪው ይለወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ተራችሁን ጠብቁ! የጽሑፋችን ጉዳይ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንድ ጓደኞቻችን አፓርታይድ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ብቻ ይመስላቸዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ያ ሥርዓት ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ለማወቅ የነበረው ጉጉት ለጉድ ነበር። ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ በ1949 ሕግ አወጣ። በ1966 ደግሞ ፖሊስ ጆሃንስበርግ ውስጥ ፎረስት ታውን በተባለ ሰፈር አንድ የወንዶች ግብዣ ላይ ወረደ፤ ጋዜጣው ጮኸ፤ ፓርላማው ተሰበሰበ። በ1969 አዲስ አንቀጽ ወጣ። ወንድ ከወንድ ጋር «በግብዣ ላይ» ስሜት የሚቀሰቅስ ማናቸውንም ነገር ቢያደርግ ወንጀል ነው ተባለ። ግብዣ ምንድነው ቢባል፣ ሕጉ ራሱ መልስ አለው፤ ከሁለት ሰው በላይ ያለበት ነው። ሦስተኛ ሰው በሩን ከፍቶ ከገባ ግብዣ ሆነ ማለት ነው! ዛሬ ስናነበው ያስቃል፤ በዚያ አንቀጽ ስሙ የጠፋው ሰው ግን አልሳቀም። ጦሩ ውስጥ ደግሞ ለግዴታ አገልግሎት የመጡ ወጣቶችን «እናድናቸው» ብለው በኤሌክትሪክ ንዝረት ያሠቃዩ ሐኪሞች ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ምልምሎች ነጮች ናቸው። ሥርዓቱ ለራሱ ልጆችም አልራራም።

አሁን ወደ ሳይመን ንኮሊ እንምጣ፤ ይህን ስም እኛም እስካለፈው ወር አናውቀውም ነበር። በ1957 ሶዌቶ ውስጥ የተወለደ፣ በተማሪዎች ኮንግረስ ውስጥ የታገለ፣ እንደኛ ወረቀት ያባዛ፣ እንደኛ ስብሰባ ያመላለሰ ልጅ ነው። በ1984 የቫል አካባቢ ሕዝብ በኪራይ ጭማሪ ሲነሣ ታሰረ። ቀጥሎም ዴልማስ በተባለች ከተማ በአገር ክህደት ከተከሰሱት ሃያ ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ፖፖ ሞሌፌና «ቴረር» ሌኮታ አብረውት ነበሩ። ክሱ በሞት ሊያስቀጣ የሚችል ነው። እዚያ እስር ቤት ውስጥ፣ ገመዱ ከፊቱ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ንኮሊ ለጓዶቹ ወንድ አፍቃሪ መሆኑን ነገራቸው።

ጓዶቹ ምን አሉ? ደነገጡ። አንዳንዶቹ ከእኛ ጋር አንድ ላይ አይከሰስ፣ ጠላት ይህን ይዞ ሁላችንንም ያቆሽሸናል አሉ። ከነሱ ላይ አንፍረድ፤ እኛ ገመድ ሳይኖርብን፣ የማባዣ ቀለም ብቻ ሰበብ አድርገን ከነሱ የባሰ ሠርተናል። እነሱ ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ ተከራከሩበት። ክፍሉ አንድ ነው፣ በሩ ተቆልፏል፣ የሚሸሹበት የለም። ቀን ከቀን ተከራክረው በመጨረሻ ሰውየውን ከመካከላቸው አላወጡትም። ሌኮታ ከዓመታት በኋላ እንደመሰከረው፣ አብሯቸው መከራ የተቀበለን ሰው በነፃነቱ ቀን «አንተ ግን አትገባም» ሊሉት የሚችሉበት አፍ አልነበራቸውም። ሕገ መንግሥቱ በሚጻፍበት ጊዜ ይህ ትዝታ በክፍሉ ውስጥ ነበር። አንዳንዴ ታሪክ የሚለወጠው በአዳራሽ ንግግር ሳይሆን እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

በዚያው ጊዜ በውጭ የነበረው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ማኅበርስ? በ1982 የተቋቋመው ማኅበር አባላቱ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። «እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» ይል ነበር። ስለዚህ የራሱ አባል የነበረው ጥቁር ሰው በአገር ክህደት ሲከሰስ ዝም አለ። ይኸውላችሁ እንግዲህ! ንኮሊ ከሁለቱም ወገን ተራ ጠብቅ ተባለ። ጥቁሮቹ «መጀመሪያ የጥቁር ነፃነት» ይሉታል፤ ነጮቹ «የጥቁሩን ነገር ተወው» ይሉታል። በ1988 ነፃ ተብሎ ሲወጣ የራሱን ድርጅት ግሎውን አቋቋመ፤ በ1990 ጥቅምት ከቤቨርሊ ዲትሲና ከሌሎች ጋር ሆኖ በጆሃንስበርግ የመጀመሪያውን የኩራት ሰልፍ መራ። ስምንት መቶ ያህል ሰው ወጣ። ከሰልፈኞቹ አንዳንዶቹ ፊታቸው እንዳይታወቅ የወረቀት ከረጢት አጥልቀው ነው የሄዱት፤ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ ብቻ። ንኮሊ በዚያ ቀን የተናገረው፣ ጥቁርነቱንና ፍቅሩን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ዋነኛ ሌላውን ንዑስ ትግል ማድረግ እንደማይችል ነው።

ዋነኛና ንዑስ! ይህን ቋንቋ እኛ ግቢ የማያውቀው ማን አለ? «ዋነኛው ቅራኔ ሲፈታ ንዑሱ ራሱ ይፈታል» እያልን ስንቱን ጥያቄ ጠረጴዛ ሥር አሳደርነው? የሴቶች ጥያቄ እንዲህ ተብሏል። ዋለልኝ መኮንን በ1969 የብሔረሰቦችን ጥያቄ በግልጽ እስኪያነሳው ድረስ እሱም በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የሚወሳ አልነበረም። እነዚህን ታሪኮች በየዓመቱ እናከብራቸዋለን፣ እንጨበጭብላቸዋለን፤ ያን ጊዜ «ቆይ» ይሉ ከነበሩት ወገን ብንሆን ኖሮ ምን እንል እንደነበር ግን ጠይቀን አናውቅም። አሁን አውቀነዋል። እጃችንን አንሥተናል።

የነፃነት ንቅናቄው ራሱ፣ ኤ.ኤን.ሲ.፣ በአንድ ቀን አልበራለትም። በ1987 ለንደን ውስጥ ከሥራ አስፈጻሚው አባላት አንዷ የሆኑት ሩት ሞምፓቲ በጋዜጣ ቃለ መጠይቅ፣ የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ የትግሉ ጉዳይ አይደለም፣ የሚያሳድዳቸውም የለም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። ወዳጆቻቸው፣ በአፓርታይድ ላይ አብረው ሰልፍ የሚወጡት የአውሮፓ ሰዎች፣ ተቆጡ፤ ደብዳቤ ጎረፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ታቦ ምቤኪ ድርጅቱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን መብት እንደሚያከብር በጽሑፍ አስታወቁ። አንዳንዱ «የፈረንጅ ጫና ነው» ይላል። ጫና መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ደብዳቤ ብቻውን አንቀጽ አይሆንም፤ ዴልማስ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ድል ቀላል አይደለም፤ አናሳንሰውም። በ1993 የጸደቀው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት፣ ቀጥሎም ማንዴላ በታኅሣሥ 1996 ሻርፕቪል ላይ የፈረሙት ቋሚው ሕገ መንግሥት፣ መንግሥት ማንንም ሰው በዘሩ፣ በፆታው፣ በሃይማኖቱ፣ በቋንቋው፣ እንዲሁም በፍቅር ዝንባሌው አድልዎ እንዳያደርግበት ከለከሉ። በዓለም ላይ ይህን በሕገ መንግሥቱ ያሰፈረ ቀዳሚ አገር ሌላ አልነበረም፤ ስዊድን አይደለችም፣ አሜሪካ አይደለችም። በ1998 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የወንዶችን ግንኙነት ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ ሻረ። በ2003 ፆታቸውን የለወጡ ሰዎች በመዝገብ ላይ እንዲያስቀይሩ የሚፈቅድ አዋጅ ወጣ። በታኅሣሥ 2005 ዳኛ አልቢ ሳክስ፣ ማፑቶ ላይ የአፓርታይድ ሰላዮች ባጠመዱት ቦምብ ክንዱን ያጣው ሰው፣ ለፓርላማው የአንድ ዓመት ጊዜ የሚሰጥ ውሳኔ ጻፈ፤ ጋብቻውን ለሁሉም አስተካክሉ። ፓርላማው በኅዳር 2006 በ230 ድምፅ ለ41 አጸደቀው። ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ፣ ከዓለም አምስተኛዋ ሆነች። ጋብቻ የሚያስፈጽሙ የመንግሥት ሠራተኞች «ኅሊናዬ አይፈቅድም» ብለው እንዳይመልሷቸው ለማድረግ ግን ሌላ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ2020 ነው።

እዚህ ላይ የሚሞግቱን ጓደኞች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ በሐቀኝነት እንቀበለዋለን። ሕጉ ሕዝቡን ቀድሞ ሄደ ይላሉ። እውነት ነው። በ2006 ፓርላማው በየክፍለ አገሩ ሕዝብ ሲያወያይ የሚበዛው ተናጋሪ ተቃዋሚ ነበር። ጃኮብ ዙማ በዚያው ዓመት መስከረም እንዲህ ያለው ጋብቻ ለአገርም ለእግዚአብሔርም ውርደት ነው ብለው ተናግረው በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይቅርታውን የሰማው ጭብጨባውን ከሰማው ያነሰ ይመስለናል። በ2009 አንዲት ሚኒስትር ሴቶች አርቲስቶች ያሳዩትን ትርዒት ሊከፍቱ መጥተው፣ የዛኔሌ ሙሆሊን የሴት ፍቅረኞች ምስል ሲያዩ «ነውር ነው» ብለው ጥለው ወጡ። ትርዒቱ የቀረበው የት መሰላችሁ? ያ ሕገ መንግሥት የሚተረጎምበት ፍርድ ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ነው!

ታዲያ ሕጉ ሕዝቡን ቀድሞ ከሄደ መፍትሔው ሕጉን ወደኋላ መመለስ ነው? የጥቁርና የነጭ እኩልነትስ ቢሆን ነጩ መራጭ ተስማምቶበት ነው እንዴ የታወጀው? መብት በድምፅ ብልጫ አይታደልም። የጎደለው ሌላ ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ወረቀቱን ይዘው እስከ ታውንሺፑ ድረስ አልሄዱም። ፍርድ ቤቱ በራፍ ላይ ደርሰው ተጨባበጡና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ዋጋውን የከፈሉት ታውንሺፕ የሚኖሩ ድሆች ጥቁር ሴቶች ናቸው። ዩዲ ሲሜላኔ ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የሴቶች ቡድን የተጫወተች እግር ኳሰኛ ነበረች። ዳኛ ለመሆን ትሠለጥን ነበር። ኳቴማ በተባለ ታውንሺፕ ሴት አፍቃሪነቷን ሳትደብቅ ከኖሩት ጥቂቶች አንዷ ናት። በሚያዝያ 2008 ተደፍራ፣ ተወግታ ተገደለች፤ ሬሳዋ ከቦይ ዳር ተገኘ። በ2009 ሁለት ሰዎች ተፈርዶባቸዋል፤ እሷ ዜናዋ የተሰማው ዝነኛ ስለነበረች ነው። ዝነኛ ያልሆኑት ብዙ ናቸው፤ «እናስተካክልሻለን» እየተባሉ የተደፈሩ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ወንድ ነሽ ሴት?» ተብለው የተሳቀባቸው። ሕገ መንግሥቱ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። የጋብቻው ሕግ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ጓደኞች ሆይ፣ የጋብቻ ወረቀት መንገድ ላይ መብራት አይተክልም። ከሥራ ማታ የሚመለስ፣ ከታክሲ ተራ ወርዶ ግማሽ ኪሎ ሜትር በጨለማ የሚሄድ ሰው፣ ማን ሊጠብቀው ነው? በግንብ አጥር ውስጥ፣ ዘበኛ ቀጥሮ የሚኖረው ባለ መኪና ወንድ አፍቃሪና በቆርቆሮ ቤት የምትኖረው ሥራ ፈት ሴት አፍቃሪ በአንድ አንቀጽ እኩል ናቸው፤ በአንድ ምሽት ግን እኩል አይደሉም። እኛ «የመደብ ጥያቄ» እያልን በየስብሰባው ስንጮህ የነበርን ሰዎች ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልገንም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቀን ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ ከንባባችን ሁሉ እንቅልፍ የነሳን እሱ ነው። ያ በወረቀት ከረጢት የተጀመረው ሰልፍ ዓመት ዓመትን ሲወልድ ስፖንሰር አገኘ፣ ሙዚቃ አገኘ፣ የቢራ ድንኳን አገኘ፤ ከመሀል ከተማም ወጥቶ በስተ ሰሜን ወዳለው የባለጸጎች ሰፈር ሄደ። በጥቅምት 2012፣ ሰልፉ ሮዝባንክ አካባቢ እየጨፈረ ሲያልፍ፣ ሃያ ያህል ሴቶች፣ የሚበዙት ጥቁሮች፣ ሐምራዊ ካናቴራ ለብሰው ከፊቱ አስፋልት ላይ ተኙ። የሰው ቅርጽ ያላቸው አሻንጉሊቶችን እንደ ሬሳ አጠገባቸው አጋደሙ። ጥያቄያቸው አንድ ደቂቃ ነው። ለተገደሉት እህቶቻችን አንድ ደቂቃ ዝም በሉ! ሌላ ምንም አላሉም።

የሰልፉ አስተናጋጆች ምን አደረጉ? ገፈተሩ፣ ጮሁ፣ ሰደቡ፣ «ንዱባቸው» ያለም ነበር፤ በፊልም ተቀርጿል። አንድ ደቂቃ! ንኮሊ የጀመረው ሰልፍ፣ ንኮሊን የመሰሉ ሰዎች መንገዱ ላይ ተኝተው፣ አንድ ደቂቃ የሚሆን ትዕግሥት አጣ። ፕሮግራም አለን፣ መኪናዎቹ እየጠበቁ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን ቀን ፈልጉ። ተራችሁን ጠብቁ ማለት ይኸው ነው። ትናንት ራሱ ተራ ጠብቅ የተባለ ሰው ነው ዛሬ ይህን የሚለው። በሚቀጥለው ዓመት ያ የሰልፍ አዘጋጅ ድርጅት ፈረሰ፤ የሶዌቶው ሰልፍ ግን፣ በ2004 በታውንሺፕ ሴቶች የተጀመረው፣ ያኔም ነበር፣ ከዚያ በኋላም ቀጠለ።

ለዚህ ነው «እዚያ አገር ነገሩ አልቋል፣ ሕጉ ወጥቷል፣ ምን ቀራቸው?» የሚለውን ክርክር የማንቀበለው። የጥላቻ ወንጀልን የሚቀጣው አዋጅ የተፈረመው በ2024 ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ። በየካቲት 2025 ደግሞ ስለ ራሱ በግልጽ የተናገረው ኢማም ሙህሲን ሄንድሪክስ ቄቤርሃ ከተማ ውስጥ በመኪና ውስጥ እንዳለ በጥይት ተገደለ። የሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ልጅ ምጶ ሴት በማግባቷ በ2016 የቅስና ፈቃዷን መልሳለች፤ አባቷ በ2013 እነዚህን ሰዎች የሚጠላ ገነት ቢኖር እንኳ አልገባም፣ ወደ ሌላው ቦታ ብሄድ ይሻለኛል ያሉ ሰው ናቸው። ሃይማኖተኛው ሁሉ አንድ አፍ አይደለም ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ «ይህ ሁሉ የእነሱ ጉዳይ ነው፣ አፍሪካዊ አይደለም» የሚለን እየጠበቀን ነውና። እሺ፤ መጤው የትኛው ነው? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፍርድ ቤቱ በ1998 የሻረው ወንጀል ከሆላንድ በመርከብ የመጣው የሮማ ሆላንድ ሕግ ነው። እኛስ ዘንድ? የ1957ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የስዊስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ከዚያ በፊት የየራሳቸው ትምህርት እንደነበራቸው አንክድም፤ ኃጢአትን ወደ ወኅኒ ቤት የሚልከው ግን የመንግሥት ሕግ ነው። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ያንኑ ቅጣት ይዞ ቀጥሏል። በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ ባለሥልጣኖች በሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ ዘመቻ አውጀው ሕዝቡ እንዲጠቁም ጥሪ አደረጉ። ጎረቤት በጎረቤት ላይ! ይህን የጠቋሚነት ዘመን አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁታል፤ ጠይቋቸው።

ከአፍሪካም ቢሆን ወሬው አንድ ዓይነት አይደለም። ከሠላሳ በላይ አገሮች ዛሬም ይከለክላሉ፤ ኡጋንዳ በ2023 እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት ጻፈች። ሞዛምቢክ በ2015 ግን ሻረችው፤ የቦትስዋና ፍርድ ቤት በ2019 ሻረው፣ ይግባኙም በ2021 ጸና፤ አንጎላም፣ ሞሪሸስም ተከትለዋል። እነዚህ ደግሞ ከየት አህጉር ናቸው?

ማንዴላ በ1962 ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ ብለን እንኮራለን፤ ለእንግዳ ሁሉ እናወራለን። ያ ከኛ ዘንድ የሠለጠነ እጅ በ1996 ሻርፕቪል ላይ ምን እንደፈረመ ሲነገረን ግን ጆሯችንን እንደፍናለን። የኮልፌውን ማንዴላ ወስደን የሻርፕቪሉን ጥለን እንዴት ይሆናል?

ጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ ሱቅ የከፈቱት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነገርስ? በግንቦት 2008 «የውጭ ሰው ይውጣ» ተብሎ በተነሣው ሁከት ከስልሳ በላይ ሰው ሞተ። ሁከቱ ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ እስከ ምሥራቁ ታውንሺፖች ድረስ ተዛመተ፤ ዩዲ ሲሜላኔ የተገደለችበት አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ የሳምንታት ነው። በሚያዝያ «እንደኛ አይደለችም» የተባለችው ሴት አፍቃሪዋ ናት፤ በግንቦት «እንደኛ አይደለም» የተባለው ስደተኛው ነው። ሱቁ የተዘረፈ ኢትዮጵያዊ ፍርድ ቤት ሲቆም የሚይዘው ወረቀት ደግሞ ያው ነው፤ «ማንኛውም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው» የሚለው። የዜግነትን ሳጥን ሳይሞላ «ማንኛውም ሰው» ውስጥ ገብቷል። ከዚያች ቃል ላይ አንዱን ቀንሱልን ብሎ መጠየቅ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። እዚህ አገር ውስጥ ስድብ ሲወረወርባቸው የኖሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል አላቸው። ስድቡን አልወሰዱም፣ የፈረንጁንም ቃል አልወሰዱም። «ዜጋ» ይባባላሉ። ዜጋ! እኛ ስለ ዜግነት ስንት ስቴንስል ጨርሰናል፤ ቃሉን እንዲህ በጠበበ ቦታ ሆኖ የያዘው ሰው መኖሩን ግን አናውቅም ነበር።

ከእኛ ጋር የማይስማሙ ሁለት የኮሚቴው አባላት ይህን አንብበዋል። አንደኛው «እናንተ ጽፋችሁ ትወጣላችሁ፤ ጣት የሚቀሰርበት ግን ያ ልጅ ነው» አለን። ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው ስለ ጸሐፊው ምንም የማንናገረው፣ የእጅ ጽሕፈቱን እናውቃለን የሚል ሰው ቢኖርም አፉን እንዲዘጋ አጥብቀን የምንለምነው። በግቢው ውስጥ «ማን ነው?» የሚል ጥየቃ መጀመሩን ሰምተናል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ለእኛ ጓደኛ አይደለም፤ በዴልማሱ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ለአቃቤ ሕጉ ይጠቅም ነበር። ሌላኛው ደግሞ «ሃይማኖቴ አይቀበለውም» ብሏል። አንከራከረውም፤ ሃይማኖቱን ማንም አልነካበትም። የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያንን ልጅ ፖሊስ ሊወስደው ቢመጣ በሩን ትከፍታለህ? ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጥረነዋል፤ ክርክሩ ገና አላለቀም፣ ማክሰኞ እንቀጥላለን።

ንኮሊ በኅዳር 1998 በኤድስ ሞተ፤ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ባለፈው ወር ከማናውቃቸው ነገሮች አንዱ ይህም ነበር። በመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ላይ የተገኙት ጓደኞቹ ከቀናት በኋላ ለድሆች የኤድስ መድኃኒት የሚጠይቀውን ታላቅ ዘመቻ ጀመሩ፤ በኋላ ለሚሊዮኖች መድኃኒት ያስገኘው ያ ዘመቻ ነው። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ የተቃራኒ ፆታ አፍቃሪዎች ናቸው። ይህን ያነሣነው ለውለታ ቆጠራ አይደለም፤ «ንዑስ» ያልነው ትግል የማንን ቤት እንዳዳነ ይታወቅ ብለን ነው።

ለአራቱ ገጽ ጽሑፍ ባለቤት፤ ጫፉ ላይ የጻፍነውን ቃል ሰርዘነዋል፣ ምንም እንኳ ወረቀቱ በእጃችን ባይሆን። ለሚቀጥለው እትም ከገጽ 3 እስከ ገጽ 6 ያለውን ባዶ ይዘናል። ስም አያስፈልግም። በእጅ ጽሕፈትም መሆን የለበትም፤ የጽሕፈት መኪናው ማታ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰው የለበትም፣ ቁልፉ ከበሩ በላይ ነው። ሳጥኑን ከቢሮው ፊት አንሥተን ማንም ወጪ ገቢ ወደማያይበት ወደ ደረጃው ሥር አዛውረነዋል። ገጾቹ ካልመጡ ባዶአቸውን እናባዛቸዋለን።